አይቼ ነው

የእንዳላማውን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። በዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ አውቃለሁ።

በፊት ይጠጣ ነበር። ጠጥቶ ሲገባ ሚስቱን የብርጓልን በበትር ይመታት ነበር። አንድ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ግን ከንስሐ አባቱ ከቄስ አምደሚካኤል እግር ወደቀና ተናዘዘ። አረቄውን ተወ። ቀኖናውን ፈጸመ። ቄሱም፣ "በል አሁን ሚስትህን ይቅርታ ጠይቅና ቁረብ" አሉት።

ድንጋይ ተሸክሞ ጠየቃት። ከሽማግሎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። የብርጓል ድንጋዩን ከጫንቃው አወረደችለት።

"እግዜር ይፍታህ" አለች። "እኔ ግን አይቼ ነው።"

"ምኑን?" አልናት።

"መለወጡን። ያን ጊዜ ይቅር ብያለሁ እለዋለሁ።"

ቄሱ ይበቃል አሉት። እሱ ግን፣ "ከአፏ ሳልሰማ አልቆርብም" አለ።

ከዚያ ወዲህ እሱ የሆነውን ዓይነት ሰው ሌላ ቦታ አላየሁም። ጾሙን ጾመ፤ ጾሙ ግን አላኮራውም። ውኃ በጀርባው ተሸክሞ ሲያመጣላት ጎረምሶች ሳቁበት።

"አያ እንዳላማው፣ ጡትስ መቼ ያወጣሉ?"

"ውኃው ይቅደም" አላቸውና አለፈ።

ድሮ ቢሆን ጥርሳቸውን ባረገፈው።

የብርጓል ታያለች፤ አትናገርም። ባለቤቴ አንድ ቀን፣ "ምነው አንቺ፣ አይበቃሽም?" ብትላት፣ "ሊደርስ ነው" አለቻት። ስለ ማሳ የምታወራ ነበር የምትመስል።

ሳይደርስ አእምሮዋ ሄደ። መጀመሪያ የትናንቱን ረሳች፤ ከዚያ የአምናውን። ወደ ኋላ ሲሄድ ሲሄድ ከዚያ ክፉ ዘመን ላይ ደረሰና ቆመ። አሁን እንዳላማው ወደ ቤት ሲገባ ጥግ ትይዝና ራሷን በክንዷ ትሸፍናለች።

"ዛሬስ ስንት ጠጣህ?" ትለዋለች።

ጉልበቱን እያመመው፣ እንዳያስፈራት ብሎ የሚደገፍበትን በትር ጣለ። ያለ በትር እየተንገዳገደ መሄድ ጀመረ። አልረዳውም። ሰካራም መሰላት።

ቄስ አምደሚካኤል፣ "ልጄ፣ ንስሐህ በእግዚአብሔር ዘንድ ተቆጥሯል። እሷ ከእንግዲህ አትችልም። ና ቁረብ" አሉት።

"በእሷ ዘንድስ አባቴ?"

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ።

ለእኔ፣ "ያየችኝ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም የለችም" አለኝ።

"እኔ አይቻለሁ" አልሁት።

"አንተን አልመታሁህም።"

በሐምሌ ከጎረቤት ቀብር ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ትከሻዬን ይዞ ነው የመጣ። ጋቢያችንን ከራሳችን ተከናንበናል። ከደጃቸው ስንደርስ እንዳታየውና እንዳትደነግጥ ብዬ እኔ ተጣራሁ።

"ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነን።"

"ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ" አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤት በገዛ ደጁ አይጣራም፤ የሚጣራ እንግዳ ነው። እንዳላማው ጋቢውን ሳይገልጥ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እሱ ራሱ ጧት ቀቅሎት የሄደውን ድንች በድቁስ አቀረበችልን። ለእሱ ትልቅ ትልቁን መረጠችለት። እንዲህ ቀርባው ካየሁ ቆይቻለሁ።

"ቶሎ ብሉ" አለች። "ባሌ ሳይመጣ። ክፉ ነው፤ በእንግዳ ፊት አያፍርም።"

"ባልሽ እኮ" ብዬ ስጀምር እንዳላማው ክንዴን ያዘኝ።

"እመቴ፣ ባልዎ ሞቷል" አላት። በዕድሜው አንቱ ብሏት አያውቅም።

ድንቹን ከሞሰቡ መለሰችው።

"ሞተ?"

"ሞተ።"

"ሳይናዘዝ?"

"ተናዝዟል። መጠጡንም ትቶ ነበር።"

"ቆርቧል?"

"አልቆረበም።"

"ምነው?"

"የሚስቱን ይቅርታ ሲጠብቅ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

"እንዲህማ ከሆነ የቀበራችሁት ሌላ ሰው ነው" አለች። "የእኔ ባል እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። በሉ ቶሎ ብሉ።"

በላን። እሱም በላ፤ እንዴት እንደዋጠው አላውቅም።

ስወጣ ከደጅ ሸኘኝ። "ሰማሃት?" አልሁት። "ሌላ ሰው ነው አለች። ከድሮው አንተ ሌላ መሆንህን ከአፏ ሰማህ። ይኸው እኮ ነው የጠበቅኸው።"

"ለእንግዳ ነው የተናገረችው" አለ። "እኔን አላየችኝም።"

ቅኔ አዋቂ ቢሆን ወርቁን ያወጣው ነበር። እሱ ሰሙን ይዞ ቀረ። ምናልባትም እውነት ያለው እሱ ጋ ነው።

እሑድ ሕዝቡ ሲቆርብ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ አየሁት። ፊቱን ወደ ግንቡ መልሷል። ቄስ አምደሚካኤል አይተውታል፤ አልጠሩትም።

አሁን በየማታው ከገዛ ደጁ ቆሞ ይጣራል። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

"ቤቶች!"

"ቤት የእግዚአብሔር ነው። ማን ልበል?"

"የመሸበት ነኝ።"

"ግባ። ባሌ ሳይመጣ ቶሎ ብላ።"

"እመቴ፣ ባልዎ ሞቷል" ይላታል።