ከሐሙስ በኋላ

ቨርና ሀልቨርሰን ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በአዮዋ የበቆሎ እርሻዎች መካከል የሚያልፈውን የጠጠር መንገድ ጉድጓዱ ሳይቀር ታውቀው ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከአውቶቡሷ የወረደ ካልቪን የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የአባቱን ሽጉጥ ከቦርሳው አውጥቶ አራት ተማሪዎችን ገደለ፤ በመጨረሻም ራሱን አጠፋ። ከአራቱ አንዷ በዚያው አውቶቡስ፣ ከእናቷ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ የሄደችው የቨርና አንድያ ልጅ ግሬታ ነበረች። ሁለቱንም ያደረሰቻቸው እሷ ናት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቨርና መሪ አልጨበጠችም። በየዓመቱ ለሟቾቹ ሻማ ሲበራ ባሏ ኦሪን ብቻውን ይሄዳል። ሰዉ ሐዘን ጎድቷት ነው ይላል፤ እውነትም ጎድቷታል። ግን ከሐዘኑ ሥር ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር።

ዶክተር አይሪስ ቦውመን በትምህርት ቤት የሚደርስ ግድያ እንዴት ሊቀር እንደሚችል የምታጠና ሴት ናት። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ መልስ ስታጣ ራሷ መጣች። ኦሪን ሥራ ሄዷል። ቨርና በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ለጥናት የሚሆን እንባ የለኝም» አለቻት።

«ስለ ግሬታ ልጠይቅዎት አይደለም የመጣሁት። ስለ ካልቪን ነው።»

ቨርና በሩን ልትዘጋው ነበር፤ ግን ተወችው። ፖሊሱም፣ ጋዜጠኛውም፣ ፓስተሩም ስለ ልጇ ጠይቀዋታል። ያንን ልጅ ጠዋትና ከሰዓት ታመላልሰው የነበረችው እሷ መሆኗን ግን ያስታወሰ አልነበረም። አስገባቻት።

አይሪስ የጠየቀቻት ጥቃቅን ነገር ነው። ልጁ የት ይቀመጥ ነበር? ከማን ጋር? ጠባዩ መቼ ተለወጠ? ቨርና ከመስከረም ጀምሮ ከጓደኛው ተለይቶ ብቻውን መቀመጥ እንደጀመረ፣ ምሳውን ወንበር ላይ ትቶ እየወረደ እንደሚሄድ ነገረቻት።  

«በዚያው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ሊወርድ ሲል ደረጃው ላይ ቆመ» አለች ቨርና። «‹ሚስ ቨርና፣ ከሐሙስ በኋላ አያዩኝም› አለኝ። አባቱ ሥራ ሊቀይር ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር ሌላ ከተማ ሊሄዱ መሰለኝ። ‹እሰይ፣ ከአንተ ተገላገልኩ› ብዬ ቀለድኩበት። እሱም ሳቀ።»

አይሪስ መጻፏን አቆመች።

«ለማንም አልተናገርኩም። ለኦሪንም። ተናግሬ ቢሆን ልጄ ትተርፍ ነበር?»

«አላውቅም። አትተርፍም ነበር ብዬ ግን ልዋሽዎት አልችልም።»

ከዚያ አይሪስ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ካጠናቻቸው ልጆች ብዙዎቹ አስቀድመው ለአንድ ሰው ተናግረዋል። የሰሙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቀልድ መስሏቸው ነው፣ ወይ ልጁን አስባርረዋለሁ ብለው ፈርተው ነው፣ ወይ የት እንደሚናገሩ ጠፍቷቸው ነው። ሰሚው በጊዜ ተናግሮ ሁሉም በሕይወት የተረፉበት ጊዜም አለ። እሷ የምትሰበስበው ሁለቱንም ዓይነት ታሪክ ነው። ከተናገሩት ልጆች ብዙዎቹ አንድ ሰው እንዲያስቆማቸው ይፈልጉ ነበር አለች።

ቨርና ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«እኔን መርጦ ነበር ማለት ነዋ» አለች። ተነሥታ በሩን ከፈተችላት። አይሪስ «የነገሩኝን፣ ስምዎ ሳይጠቀስ፣ የአውቶቡስ ሾፌሮችን ለማሠልጠን ልጠቀምበት?» ስትላት ግን ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ እሑድ ቀትር ላይ አይሪስ ደወለች። በሌላ ግዛት፣ የአይሪስን ሥልጠና የወሰደ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከአንድ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ሰማ። ቀልድ ይሁን እውነት አላወቀም፤ በተሰጠው ስልክ ደወለ። የትምህርት ቤቱ አማካሪና አንድ ሐኪም ልጁ ቤት ሄደው አብረውት ተቀመጡ። ከእናቱ አልጋ ሥር የነበረው ሽጉጥ ከቤት እንዲወጣ ተደረገ። ልጁም እየታከመ ነው። ምንም ስላልተፈጠረ ጋዜጣ አልጻፈውም።

ቨርና በዚያ አውቶቡስ ስንት ልጆች እንደሚሄዱ ጠየቀች። አርባ አንድ ናቸው አለቻት። ስልኩን ዘጋች። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። የተሰማት ግን አርባ አንድ እናቶች ምንም ሳያውቁ ምሳ እያቀረቡ መሆኑ ነው። «መቼም አትወቁት» ብላ መረቀቻቸው። ግሬታ ግን የለችም።

ኦሪን ጋራዥ ውስጥ የሣር ማጨጃውን ምላጭ ይስል ነበር። እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ አይሪስ በስልክ ያወራቻትን፣ ካልቪን ያላትን፣ እሷም የቀለደችውን። ምላጩን አስቀመጠ።

«ግሬታ ሰምታው ነበር?»

«አልሰማችም። ቀድማ ወርዳ ነበር።»

የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ሁለት ቀን ወንድሙ ቤት ቆየ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

«አልተቀየምኩሽም ልልሽ ነበር የመጣሁት» አላት። «መንገድ ላይ ሳስበው ግን ተቀይሜሻለሁ። አራት ዓመት ተኩል ብቻሽን ይዘሽው መኖርሽ ነው ያስቀየመኝ። ለማንኛውም እዚሁ ሆኜ ልቀየም።»

ቨርና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። 

«ያ የተረፈው ልጅ» አለ ኦሪን፣ «ትምህርት ቤት ይሄዳል?»

«ይሄዳል ብላለች አይሪስ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት፤ ሲያለቅስ ቨርና እጇን ዘርግታ ክንዱን ያዘች።