ለእማ የቷ ትሻላለች?

የኋላሸት የሁለት መኪኖች ፎቶ በስልኩ ይዞ ይዞራል። አንዷ ቶዮታ ናት፤ ከፍ ያለች፣ ጠንካራ፣ በከተማው በመካነ ሰላም ያለ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት። ሌላዋ ጀርመን ሠራሽ ናት። በመጠን ከቶዮታዋ አትበልጥም፣ እንዲያውም ዝቅ ትላለች፤ ግን ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ሲበርድም ይሞቃል። የደሴው ደላላ «ከቅንጡዎቹ ርካሿ ናት» ይላታል። ርካሿ ብሎ ነገር! የሁለቱ የዋጋ ልዩነት አንዲት ሴት ሰው ቤት ዓመት ሙሉ ለፍታ የምታገኘው ነው።

ሴትዮዋም እህቱ ፈንታዬ ናት። ሪያድ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታቸው እማማ ዝናሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደሴ ለሕክምና በሄዱ ቁጥር በሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ኮሮኮንቹ አንገላቷቸው ነበር የሚመለሱት። ፈንታዬ ይህን ስትሰማ «እኔ የእመቤቲቱን ልጆች አቅፌ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ግን በራሷ መኪና ጋቢና ትቀመጣለች» ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ለራሷ ጫማ እንኳ አልገዛችም።

እማማ ዝናሽ ከሞቱ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ቀናቸው ነው። ፈንታዬ አታውቅም።

እንዳይነገራት የወሰኑት የዕድሩ ዳኛ አያ አድማሴ ናቸው። ከቀብር መልስ ቤተሰቡን ሰብስበው «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ልጅቱ በሰው አገር ብቻዋን ናት። ራሷን ስትጥል ማን ይይዛታል? ስትመጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቧት ትሰማለች።» ያልተስማማ አልነበረም። አገሬው ሐዘንን ለብቻ መሸከም ከሐዘኑ ይብሳል ብሎ ያምናል፤ እውነቱንም ነው። እናቱን በስልክ በሕይወት ማቆየት ግን የየኋላሸት ዕዳ ሆነ። «እማ ጠበል ገብታለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም» ይላል በተደወለ ቁጥር።

የሚያብሰለስለው ሌላ ነገር ነበር። አምና በዚሁ በሁዳዴ ጾም የቶዮታዋ ገንዘብ ሞልቶ፣ የፈንታዬም ኮንትራት አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ደውላ «ቶዮታዋን ገዝተን ልምጣ ወይስ አንድ ዓመት ጨምሬ ደህናዋን ልግዛላት? እማን ጠይቃት፤ እሷ እንዳለችው» አለችው። እናቱ ደጅ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ጠየቃቸው። ቀና እንኳ አላሉም። «መኪናው የትም አይሄድ። ልጄ ትምጣልኝ» አሉ።

የኋላሸት ግን ጾሙ ሳይገባ ደሴ ሰርግ ሄዶ የጀርመኗን አይቷታል። በእሷ መካነ ሰላም ሲገባ፣ ገበያተኛው ዞር ብሎ ሲያየው በሐሳቡ ታየው። ምኞት አይከለከልም ይባላል፤ በእህት ላብ ሲመኙት ግን ነውር ነው። ስልኩን ይዞ ከግቢው ወጣና ዓይኑን በጨው አጥቦ «እማ የጀርመኗን ወደደቻት። አንድ ዓመት እታገሣለሁ ብላለች» አላት። ፈንታዬም «እሺ፣ እሷ ካለች» ብላ ፈረመች። ዓመቱ ሊሞላ ወር ከምናምን ሲቀረው እናትየው ሞቱ።

አሁን ያው ጥያቄ ዞሮ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። «የጀርመኗ ዋጋ ጨምሯል አሉ። ስድስት ወር ከቆየሁ ይሞላል፣ እመቤቲቱም ቆዪ ትለኛለች። ቶዮታዋን ካልን ግን ብሩ ይበቃል፣ ለፋሲካ እደርሳለሁ። ለእማ የቷ ትሻላለች? እባክህ ጠበሉ ድረስ ሂድና ጠይቃት።»

የጀርመኗን ቢላት ስድስት ወር ያገኛል። የእህቱን ዓይን ሳያይ ስድስት ወር። በዚያ ላይ የተመኛት መኪና ትመጣለታለች፤ ይህም ትዝ አለው፣ ትዝ ስላለውም ራሱን ጠላ። ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የእናቱ መቃብር አፈሩ ገና አልጠበቀም። ጠይቃት ተብሎ የለም? አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? እሳቸው አምና መልሰውለታል። እዚያው እንደ ልጅ አለቀሰና ፊቱን በነጠላው ጠርጎ ደወለ።

«ጠየቅሃት?»

«ጠየቅኳት።»

«ምን አለች?»

«መኪናው የትም አይሄድ፣ ልጄ ትምጣልኝ አለች።»

 

«እስቲ እማ ትሙት በል» አለችው።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠራጠሩ የሚማማሉት እንዲህ ነበር። አሁን ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። «እውነቴን ነው፣ ፈንቴ። በአፏ ነው ያለችው።»

ፈንታዬ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። «አምና የጠበቅኩት ይህችን ቃል ነበር። መኪናዋን ስትመርጥ ከፋኝ፣ የኋላ። ከእኔ መኪናው በለጠባት ብዬ ተቀየምኳት። ዓመቱን ሙሉ ስደውል ቶሎ ቶሎ የምዘጋው ለዚያ ነው። ለካ ናፍቄያት ኖሯል። ይቅር በይኝ ብላሻለች በላት። እስክመጣ አትቆይ፣ ዛሬውኑ ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አለ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እዚያው ብዙ ቆየ። እናቱ «ልጅቷ ምነው አጠረባት ወሬው?» ይሉት የነበረው ትዝ አለው። ሥራ በዝቶባት ነው ይላቸው ነበር። ሁለቱን ሴቶች ያቀያየመው እሱ ነው፤ አንደኛዋ ይህን ሳታውቅ አልፋለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለእማማ ዝናሽ ሳይጠራ ቀረ።

ወደ አያ አድማሴ ቤት ሄዶ ፈንታዬ ለፋሲካ እንደምትመጣ፣ ቶዮታዋም እንደምትገዛ ነገራቸው። ሽማግሌው አማተቡና ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ክንዷን እንደሚይዝ ማሰብ ጀመሩ። «መርዶውን ቄሱ ይንገሯት» አሉ።

«እኔ ልንገራት፣ አያ።»

«የሟች ልጅ መርዶ ተናግሮ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለ የኋላሸት። «ግን እኔ ብቻ የምነግራት ሌላም አለኝ።»