የሄዱትና የተለቀሰላቸው

ባዘዘው እንደጻፈው ከሆነ በመተማ ቆላ ከሚሞተው መቶ ሰው ሰባቱን የሚገድለው ካንሰር ነው። ጎሹ እንደጻፈው ከሆነ ሁለቱን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰርኩላር ደግሞ የአገሪቱን ቁጥር አራት ይላል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር አለምነሽ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው የመርፌ መቀቀያውን ክዳን ጭናባቸው፣ ሁለቱን ሠራተኞቿን በየተራ አየቻቸው።

"በአንዳችሁ ቁጥር ብሄድ ቆላው በካንሰር ካገሪቱ በእጥፍ ገደማ ይሞታል። በሌላው ብሄድ በእኩሌታ። እኔ የቱ ላይ ነው የምፈርመው?"

"የኔ ላይ ፈርሚ" አለ ባዘዘው። "ዓመቱን ሙሉ ያልደረስሁበት ለቅሶ የለም። ሰው በምን እንደሞተ የሚሰማው ለቅሶ ቤት ነው።"

"አንተስ ጎሹ?"

"እኔ የቆጠርሁት መቃብር ነው፣ ሲስተር። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም። ቆፋሪውንም ቤተሰቡንም ጠይቄያለሁ።"

"መቃብር አፍ የለውም" አለ ባዘዘው።

ጎሹ እንደ ታናሽ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ባዘዘውን ከሁሉ የሚያናድደው ይህ ጨዋነቱ ነበር።

ባዘዘው ንጉሡ ሳይወርዱ ጀምሮ በገንዳ ውሃ ጤና ረዳት ነው። ወባ የያዘውን ሁሉ መርፌ ወግቷል፣ የእባብ ንድፊያ አስሯል፣ ሦስት ኃላፊዎች ሲመጡና ሲሄዱ አይቷል። ጎንደር ለስብሰባ የተጠራበት ቀን ግን የለም። ጎሹ ከኮሌጅ ወጥቶ ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ንጽሕና ተቆጣጣሪ፣ ሆኖ ከመጣ ገና ዓመቱ ነው። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ግን የገበያ ሴቶች ጎሹን "ሐኪም" ማለት ጀመሩ፤ ባዘዘውን ደግሞ "የድሮው ሐኪም"። የገዛ ሚስቱ ባንቺአየሁ እንኳ ወጥ በሠራች ቁጥር ለጎሹ አንድ ሳህን ትከድናለች። "ላጤ ነው፣ ማን ያበላዋል" ትላለች። ባዘዘው ላጤ በነበረ ጊዜ ሳህን የከደነለት ሰው አልነበረም።

"ሐሙስ ጎንደር ስብሰባ አለ" አለች ሲስተር አለምነሽ። "ሐኪሞቹ ፊት ቆሞ የሚያስረዳ አንድ ሰው ነው የጠሩት። ዛሬ ሁለታችሁም ኮኪት ውረዱና አብራችሁ አጣሩ። ቁጥሩ የጸናለት ነገ ጠዋት በሐሚድ የጭነት መኪና ይሄዳል።"

ሐሚድ ሰሊጥ ሊጭን ባዶውን ወደ ኮኪት እየወረደ ነበር። ባዘዘው ማንም ሳይቀድመው ጋቢና ገባ። ጎሹ ከኋላ ተንጠላጥሎ ወጣ።

"ልጁን ከላይ ጣልኸው?" አለ ሐሚድ እየሳቀ።

"ነፋስ ይወዳል።"

"ወላሂ፣ ጎንደር የሚሄደው እሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው?"

"ማነው የሚለው?"

"ሱቁ ሁሉ።"

ባዘዘው መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ አየ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በየማሳው በነዶ በነዶ ቆሞ ይደርቃል። አጫጆቹ በየሂላው፣ በቆመው የነዶ ክምር፣ ጥላ ሥር ጎንበስ ብለው ያስራሉ። አንዳንዶቹ የወሎ፣ አብዛኞቹ የጎጃም ሰዎች ናቸው። አጨዳው ሲያልቅ እንደመጡ ይመለሳሉ።

ኮኪት ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር ዳስ ተጥሎ ለቅሶ ነበር። ባዘዘው ደስ አለው፤ በለቅሶ ቤት ደስ መሰኘቱ ግን ትንሽ አሳፈረው። ጠላ የምትሸጠው ጥሩአየሁ ወንድሟ ደምለው ሞቶባት ነው። በዳሱ መካከል ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባዘዘው እንደ ደንቡ ገብቶ አለቀሰ፣ ተቀመጠ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው በሹክሹክታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ጎሹ ዘንበል አለ።

"ያዝ። ደምለው፣ የጉሮሮ ካንሰር። እህል አልወርድ ብሎት ነው የሞተ። መቃብርህ ይህን ነግሮሃል?"

ጎሹ ሴትዮዋ ዕንባዋን ስትጠርግ ጠብቆ አጠገቧ ተንበረከከ።

"እግዜር ያጥናዎ፣ እቴቴ። ወንድምዎ ቆላ ብዙ ዘመን ኖረ?"

"ማን? ደምለው?" አለች ጥሩአየሁ። "እሱማ ቆላ ወርዶም አያውቅ፣ ልጄ። ዳሞት ተወልዶ ዳሞት ሞተ። መርዶው ትናንት ደረሰኝ። ሬሳውን ባላይ ጋቢውን አስቀምጬ ላልቅስ ብዬ ነው።"

ባዘዘው ወንበሩ ላይ ያለውን ጋቢ አየ። ስንት ዳስ ውስጥ ስንት ጋቢ እንዳየ ማስታወስ ጀመረ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሬሳው የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም። ይህ አገር ደግሞ መጤ የሞላበት ነው። ደጋ የሞተ ሁሉ እዚህ እህት አለው፣ ወንድም አለው፣ ያገር ልጅ አለው፤ ስለዚህ እዚህም ይለቀስለታል። ከሰባቱ ስንቱ እንዲህ ያለ ነው? ግማሹ? ከግማሽ በላይ?

ከዳሱ ሲወጡ ጎሹ አንድ ቃል ቢናገር ባዘዘው የሚመልስለትን አዘጋጅቶ ነበር። ጎሹ ግን "ውሃ ጠማኝ፣ ጋሼ። እርስዎስ?" ብቻ አለ። ይህን ያህል ጨዋ ሆኖ የሚያሸንፍ ሰው ባዘዘው አይቶ አያውቅም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ጎሹ ወደ ውሃ ጉድጓዱ ሲሄድ ባዘዘው ብቻውን ወደ አጫጆቹ ሰፈር ገባ። ካቦው ፀሐዩ ከአንዲት የሣር ጎጆ ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ሰዎችን ያዛል። ሰዎቹ ከእንጨትና ከጆንያ ቃሬዛ እየሠሩ ነው።

"ማን ታሞ ነው?" አለ ባዘዘው።

"አሰበች። ወጥ ሠሪያችን። ጡቷ መቁሰል ከጀመረ ቆየ። አሁን በሐሚድ መኪና እንጭናታለን።"

"ወደ ጤና ጣቢያ ነው?"

"ወደ ጎጃም ነው እንጂ። አገሯ ትሙት።" ፀሐዩ በእግሩ መሬቱን መታ። "እዚህ ማን ይቀበራል? ይህ ዋልካ አፈር በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ ሰው መቃብሩ ውስጥም አያርፍ። እኛ የከፋበትን ሁሉ ቶሎ ነው የምንሰድ። አምናም እንዲያ፣ ካቻምናም እንዲያ። እዚህ የሚቀበረው እባብ የነደፈውና ወባ ቶሎ የጣለው ነው፣ መጫኛ ጊዜ ያልሰጠ።"

ባዘዘው ባለበት ቆመ። ካንሰር ጊዜ ይሰጣል። ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ያለበት ሁሉ በመኪና ይሄዳል፤ ስለዚህ ጎሹ የዞረበት መቃብር ውስጥ የለም። የልጁ ሁለት ሁለት አይደለም። ጎንደር ቆሞ "በኛ ዘንድ ከአገሪቱ በእኩሌታ ያንሳል" ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም መነጽሩን አውልቆ "ወደ አገራቸው የምትሰዷቸው ሕሙማንስ?" ቢለው ምን ይመልሳል? ባዘዘው ያንን ስብሰባ በዓይኑ አየው። ልጁ ሲደናገር፣ ወረቀቱን ሲያገላብጥ። ደረቱ ውስጥ የሚያቃጥለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጎጆው ውስጥ ገባ። አሰበች በጎኗ ተኝታለች። ቁስሉን ገለጥ አድርጎ አየ፣ መልሶ ሸፈነው።

"ጎንደር ሐኪም ቤት ለምን አትገቢም? መንገድሽ በዚያው ነው። ቆርጠው የሚያድኑት አለ።"

"አስታማሚ አለኝ እንዴ?" አለች። "ሐኪም ቤት ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ማን ውሃ ይሰጠኛል? ማን ደም ይሰጠኛል?" ጥቂት ተነፈሰች። "ያ ቀጭኑ ልጅ፣ በመቃብሩ ሲዞር የነበረው፣ ምንድን ነው የሚጽፍ?"

"ማን በምን እንደሞተ።"

"እኔን ጽፎኛል?"

"አንቺ አልሞትሽም።"

"ጎጃም ስሞትስ ይጽፈኛል?"

"አይጽፍሽም።"

"አንተስ?"

ባዘዘው ፋሻውን አጠበቀላት። 

ሰሊጡ ተጭኖ ሲያልቅ አሰበችን በቃሬዛ አንስተው ከጆንያዎቹ ላይ አስተኟት። ባዘዘው በልማዱ ጋቢና ገባ። ጎሹ ከላይ ወጣ፣ ነጠላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ፀሐይ ከለለላት። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር የሴትዮዋ ድምፅ በጋቢናው ጣሪያ በኩል ይሰማል። ከዚያ የጎሹ ድምፅ ይከተላል፤ አንድ ነገር ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልሳለች። ባዘዘው ጆሮውን ወደ ጣሪያው አዘነበለ። ምን እያለችው ነው?

"ዛሬስ አልተጫወትህም" አለ ሐሚድ። "እንዲያው የነከሰህ ነገር አለ?"

"መንገዱን እይ። ቀስ ብለህ ንዳ።"

"ቀስ ብነዳ ማታ ኬላው ይዘጋል።"

"ይዘጋ። ቀስ በል አልሁህ።"

ገንዳ ውሃ ሲደርሱ ፀሐይ እየወረደች ነበር። ሲስተር አለምነሽ በረንዳው ላይ ሆና የጎንደሩን የይለፍ ወረቀት ይዛ ትጠብቃቸዋለች፤ ማኅተሙ ተመቷል፣ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ሐሚድ መኪናውን አጥፍቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ።

"እህ? የማን ጸና?" አለች።

ባዘዘው አፉን ሳይከፍት ጎሹ ቀደመ።

"ጋሼ ባዘዘው ይሂዱ፣ ሲስተር። የኔ ቁጥር አይሆንም። ሕመሙ የጸናበትን ሁሉ በመኪና ወደ አገሩ ይሰዱታል፣ አሰበች ናት መንገድ ላይ የነገረችኝ። መቃብር ስቆጥር እነሱን አላገኘኋቸውም። ስንት እንደሆኑም አላውቅ።"

"የባዘዘውስ?"

ጎሹ ጫማውን አየ። "የጋሼን እሳቸው ይናገሩ" አለ። ስለ ደምለውም፣ ስለ ጋቢውም አላነሳም።

ባዘዘው ይለፉን አየው። ስሙ ሊጻፍበት የቀረው አንድ ቃል ነው። ልጁ ራሱ ሰጥቶታል፣ ነውሩንም ሸፍኖለታል። ነገር ግን ባዘዘው ቀኑን ሙሉ በጉያው ይዞት የዋለውን፣ ለጎንደር ያስቀመጠውን ያንን አንድ ነገር ልጁ ከእጁ ነጥቆ በገዛ አፉ ተናገረው። ስህተቱን በማመን እንኳ ቀደመው። አሁን ዝም ብሎ ቢሄድ፣ ጎንደር ድረስ በጎሹ ችሮታ ተቀምጦ መሄዱ ነው። ከመቅናት ይልቅ ይህ ከበደው።

"የኔም ሰባት ሰባት አይደለም" አለ። "የቆጠርሁት ለቅሶ ነው፣ ሲስተር። ግማሹ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ነው። ደጋ ሞተው እዚህ የተለቀሰላቸው ናቸው። ዛሬ ልጁ ፊት ነው የተገለጠብኝ፣ እሱ ግን አይናገርም።"

"ታዲያ ስንት ነው?"

"አናውቅም።"

"ካገሪቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

"እሱንም አናውቅም" አለ ጎሹ በቀስታ። "የአገሪቱ አራትም ሆስፒታል የሞተውን ብቻ ነው የሚቆጥር፣ ሰርኩላሩ ግርጌ ላይ ብሎታል። ቤቱ የሞተው እዚያም የለበትም።"

ሲስተር አለምነሽ ወረቀቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። "አናውቅም የሚል ሪፖርት አውራጃው ተቀብሎ አያውቅም። ወንድሞቼ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰው መላክ አለብኝ። ለማን ልጻፈው?"

"ጋቢናም ያለኝ ለአንድ ሰው ነው" አለ ሐሚድ።

ከመኪናው ላይ አሰበች ስታቃስት ተሰማ። ጎሹ ወደ እሷ ሊሄድ ሲል ባዘዘው ክንዱን ያዘው፤ ከዚያ ለቀቀው። ወደ ሲስተር አለምነሽ ዞረ።

"ይለፉን በሱ ስም ጻፊው። ለአሰበች የሪፈር ወረቀት ጻፊላትና አስታማሚዋን ባዘዘው በይ፤ ኬላው በዚያ ያሳልፈኛል፣ ጎንደር ሐኪም ቤት ይዣት እገባለሁ። ጋቢናው የሷ ነው። እኔና ጎሹ ከሰሊጡ ላይ እንወጣለን። ስብሰባው ላይም ሁለታችንም እንቆማለን፣ ቢፈልጉ አንዳችንን ያስወጡ። የኔን ስህተት እሱ ይናገር፤ የሱን ስህተት ግን ለማንም አልሰጥም፣ እኔው ነኝ የምናገረው።"