ቱቦው ሲገለበጥ

ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ወሬ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ ከጋሼ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ። መልስ የሚባል ነገር አይወዱም።

አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው ግን በቃኝ ብላለች። ማዶ ያለው ትልቁ ጋራዥ ሊቀጥራት ፈልጎ ዛሬ ከሰዓት መልሷን ይጠብቃል። ጠዋት ይህንኑ ስትነግራቸው፣ «እግርሽን ማን አሰረው? ሂጂ!» አሏት። አፋቸው እንዲያ ይበል እንጂ ሆዳቸው ባብቷል። እሷ የሌለችበትን ጋራዥ ማሰብ እንኳ ያስፈራቸዋል።

ለጥገና የገባውን የአፈር መዛቂያ ሎደር፣ አካፋውን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን ሲሊንደር የገጠሙት በዚሁ በባባ ሆድ ነው። «አባዬ፣ ቱቦዎቹ እኮ...» ብላ ስትጀምር፣ «ሥራ ላይ አትለፍልፊብኝ!» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የሎደሩ ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ የአካፋውን አፍ ቀና ሊያደርግ እጀታውን ሳበ። አካፋው ቀና ማለቱ ቀርቶ በአፍጢሙ ተደፋና መሬቱን ተጫነው። የፊት ጎማዎቹ ከነሾፌሩ ብድግ!

«ኧረ ጋሼ! አካፋውን ላነሣ ስል እኔው ተነሣሁ እኮ!»

ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። «ወደዚያ ግፋው!» አለችው። ሾፌሩ እጀታውን ሲገፋ ጎማዎቹ ቀስ ብለው መሬት ነኩ። ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን አዩ።

«ቱቦዎቹን አለዋውጠሃቸዋል፣ አባዬ። ዘይቱ ከኋላ ሲገባ ይገፋል፣ ከፊት ሲገባ ይስባል። በሁለቱም በኩል ጉልበት አለው።»

«ይሄን እኔው አይደለሁ ያስተማርኩሽ!»

«አንተው ነህ። መግፋት ብቻ የሚያውቅ ሲሊንደር ግማሽ ነው ትለኝ ነበር።»

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። የተጠረገውን ደግመው ጠረጉ።

«ጠዋት ሂጂ ያልኩሽ...» አሉ፣ «ያም ቱቦው ተገላብጦብኝ ነው።»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ፈገግታዋ ግን አልጠፋም። «እንግዲያው አስተካክለህ ግጠመውና እንስማው።»

«አትሂጂብኝ፣ ልጄ።»

መፍቻውን አነሣችና ሎደሩ ሥር ገባች።

«አሁን ገና ቱቦህ ሠራ! ማዶ ያሉት ሌላ ሰው ይፈልጉ» አለች ከሥር። «ና በል አባዬ፣ የላይኛውን ቱቦ ያዝልኝ።»

ጋሼ አንድ ቃል ሳይመልሱ ያዙላት።