ኩርፊያ ሌላ፣ ጥሪ ሌላ

በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ረግረግ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች ጎህ ሲቀድ ደጅ ወጥተው ይጣራሉ። ጥሪው ቃል የለውም፤ ከደረት ተነስቶ ከፍ ዝቅ የሚል ዜማ ነው። «አለሁ፣ ደህና አደርኩ» ማለት ነው። የሰማ ጎረቤት ይመልሳል፤ ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ይሄዱለታል።

ኦቲስ ጀርኒጋን ከረግረጉ ወዲህ፣ ባሏ የሞተባት ቬልማ ሮያል ደግሞ ከረግረጉ ወዲያ ይኖራሉ። የኦቲስ አሳማ የቬልማን ስኳር ድንች ሙልጭ አድርጋ ከበላች ወዲህ ተኳርፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ። ጥሪውን ግን አንድም ቀን አላስታጎሉም። ኦቲስን ለምን ቢሉት፣ «ኩርፊያ ሌላ፣ ጥሪ ሌላ» ይላል።

በአንድ የክረምት ማለዳ ኦቲስ ተጣራ፤ ቬልማም መለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ወደ ቁርሱ ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ደጁ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምጿ ከፍ ማለት ካለበት ቦታ ሳይደርስ መሃል ላይ ተሰንጥቆ ነበር። በሌሊት ልብሱ ላይ ካፖርቱን ደረበና እስከ ጉልበቱ እየሰመጠ ረግረጉን አቋረጠ።

ቬልማን ምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ አገኛት። ግንባሯ እሳት ነው።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው። «ተጣርቼ የለም እንዴ?»

«እሱም ጥሪ ሆኖ! ጉንፋን የያዘው ዝይ ነው የመሰለኝ።»

«የአንተ አሳማ ከእኔ አሳምራ ትጣራለች በላ!»

«እሷስ ትንፋሽ አላት። ተነሺ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።»

«እንዲህ ለብሰህ?»

ኦቲስ ቁልቁል ራሱን አየና አፈረ። ቢሆንም በራሷ መኪና ጭኖ ወሰዳት። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ የሳንባ ምች መሆኑን ነገራት፤ እስኪሻላት ድረስም እንዳትጣራ ከለከላት።

እሷ ካልተጣራች ታዲያ ደህና ማደሯ በምን ይታወቃል? ኦቲስ በየማለዳው እየሄደ ማየት ጀመረ። ምድጃዋን ያቀጣጥላል፣ የበቆሎ ቂጣ ያቀርብላታል፣ ስለዚያች አሳማም ይጨቃጨቃሉ። ቬልማን ከሕመሙ ይልቅ ዝምታው ነበር ያስጨነቃት። «ካልተጣራሁ መንጋቱም አይታወቀኝ» ትለው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ አፏን ገጥማ እንድታንጎራጉር፣ ትንፋሿ ሲመለስም ቀስ እያለች ድምጿን እንድትለቅ አለማመዳት።

በጸደይ፣ ኦቲስ ጫማውን ሲያጠልቅ ጥሪዋ ጥርት ብሎ ረግረጉን ተሻግሮ መጣ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ወጥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ መለሰላት። ወዲያው ደግሞ ቅር አለው፤ ከእንግዲህ የሚያስኬደው ምክንያት የለማ!

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን ደፋና ሄደ። ቬልማ በሩን ከፍታ፣ ሁለት ሳህን አቅርባ እንቁላል እየጠበሰች ነበር።

«ምነው ቆየህ?» አለችው።