የጋሼ ግርማ ዳቦ ቆሎ

ሮሐ ከአውሮፓ ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ቢሆናትም ስደተኛ ሐበሾች ወደሚነግዱበት ሰፈር ወደ ፌርፋክስ ዝር ሳትል ከርማለች። ሰበብ አላጣችም፤ አንድ ቀን የጉዞ ድካም፣ ሌላ ቀን ትምህርት፣ ሌላ ቀን መኪና ማቆሚያ የለም። በመጨረሻ እናቷ «ማሚቱን ሰላም ሳትያት ልትከርሚ ነው?» ብላ ስትቆጣ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከምትኖርበት ከሃውቶርን ተነሥታ መጣች።

እትዬ ማሚቱ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ባለፈው ነሐሴ ሮሐ ለአንድ ሴሚስተር ሆላንድ፣ ዩትሬክት ልትማር ስትሄድ፣ ሻንጣዋ ከተዘጋ በኋላ አምስት ፓውንድ ዳቦ ቆሎ ይዘው ደረሱ። ግሮኒንገን ለሚኖሩት ወንድማቸው ለጋሼ ግርማ ነው። ጋሼ ግርማ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። «እዚያው ሆላንድ አይደል?» አሉ እትዬ ማሚቱ፣ ሆላንድ ከሱቃቸው እስከ ቅርቡ ኦሎምፒክ መንገድ የምታህል ይመስል። ሐበሻ የሰው ዕቃ ሳይዝ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ እንቢ ማለትም ነውር ነው። ሻንጣው እንደገና ተከፈተ።

ከዩትሬክት ግሮኒንገን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሃውቶርን ፓሳዴና በትራፊክ ለምትመላለስ ልጅ ይህ መንገድ አይባልም። ግን የመጀመሪያው እሑድ ዝናብ ጣለ። በሁለተኛው ከብስክሌት ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነበር። በሦስተኛው ያልጨረሰችው የክፍል ሥራ ነበረባት። በየጊዜው «በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ» የሚል መልእክት ትልክላቸዋለች። ከዚያ መላኩንም ተወችው።

ኑሮዋም እንዳሰበችው አልሆነም። ስድስት ሆነው በሚጋሩት ወጥ ቤት እያንዳንዱ የፍሪጅ መደርደሪያ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። የጎረቤት ክፍሏን ልጅ ቡና እንጠጣ ብትላት፣ ልጅቷ የቀጠሮ ደብተሯን ገልጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ሐሙስ ሰጠቻት። ክፉ ሆና አይደለም፤ የአገሩ ወግ ነው። ሮሐ ግን ከሰው ሳትነጋገር የምትውልባቸው ቀናት በዙ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሰማዩ ጠቁሮ፣ መጽሐፏን ዘርግታ ሳለ የዳቦ ቆሎው ፌስታል የታሸገበትን ፕላስተር በጥፍሯ ላጠችው። አንድ እፍኝ ብቻ። በማግሥቱም አንድ እፍኝ ብቻ። ታኅሣሥ ሲገባ ፌስታሉ ባዶ ነበር። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«መጣሽ የኔ እናት!» እትዬ ማሚቱ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። ሮሐ መኪና ውስጥ ስትለማመደው የመጣችውን ኑዛዜ ልትጀምር ስትል ቀደሟት። «ግርማ ሁሉንም ነግሮኛል። እሑድ እሑድ እየሄድሽ፣ አብራችሁ እየበላችሁ፣ የክላስሽን ወሬ እያጫወትሽው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም!»

ሮሐ ክው አለች። እትዬ ማሚቱ ስልካቸውን አውጥተው ለወንድማቸው በቪዲዮ ደወሉ። ወዲያው ደንበኛ ገባና ስልኩን አስጨብጠዋት ወደ ሚዛኑ ሄዱ።

ስክሪኑ ላይ ሹራብ የደረቡ፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ተያይተው አያውቁም።

«ሮሐ ነሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማሚቱ አጠገብሽ ናት?»

«ኖ፣ ከስተመር መጥቶ ሄደች። ጋሼ፣ አይም ሶ ሶሪ። ሳልመጣ ቀረሁ፤ ዳቦ ቆሎውንም ራሴ በላሁት።»

«ገምቼ ነበር» ብለው ሳቁ። «ማሚቱ በየቀኑ መጣች ወይ ስትለኝ፣ መጥታለች አልኳት። አንቺም እንዳትወቀሺ፣ እሷም ብቻውን ነው እያለች እንዳታለቅስ። ከዚያማ በየሳምንቱ ምን አወራችሁ ማለት ጀመረች፤ ወሬ ስፈጥር ከረምኩ።» ሳቃቸውን ገቱ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሑዶች ግን ሁለት ሳህን አቅርቤ ጠብቄሽ ነበር።»

ሮሐ እንደዚያን ዕለት አፍራ አታውቅም። ይዛው የመጣችው ኑዛዜም ከእንግዲህ የእሷ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ብትናገር እትዬ ማሚቱ ወንድማቸው ያን ሁሉ እሑድ ብቻቸውን እንደበሉ ያውቃሉ።

እትዬ ማሚቱ ተመልሰው ስልኩን ተቀበሉ፣ ወንድማቸውን ተሰናበቱና ወደ እሷ ዞሩ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ ካየሽው ወዲህ ከስቷል?»

«ኖ» አለች ሮሐ። «ልክ እንደ በፊቱ ነው።»

«ተመስገን!» እትዬ ማሚቱ አንድ ፌስታል አንሥተው ዳቦ ቆሎ ሞሉበት። «ይሄ ደግሞ ያንቺ ነው። ወንድሜን ሰው አደረግሽልኝ።»

አይሆንም ብትል በግድ አስያዟት። እስከ ሃውቶርን ድረስ ፌስታሉ እንደ ሰው ከጎኗ ተቀምጦ ሄደ። አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።