በሁለት መንገድ የተመለሰ ወሬ

መንገድ ላይ የቀረ ነገር አለ ነው የሚባለው ወይስ የለም?

ጥያቄው የእናቴ ነው። በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ከአሰበ ተፈሪ ጫት ተራ እንደተመለሰች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችኝ። የሰፈራችን ሼህ ገበያ ድረስ መጥተው አነጋግረዋት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጂብሪል ከጠፋ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ስለሆነ፣ በሌለበት የጀናዛ ሶላት ይሰገድለት፣ ሰደቃም ይውጣለት ብለዋታል።

«ስምንት ዓመት ሩሲያ ተቀምጠህ ተማርክ» አለችኝ። «አለ ካልከኝ እጠብቃለሁ። የለም ካልከኝ ይሰገድለት። እኔ በራሴ አፍ ልጄን አልገድልም።»

«አዮ፣ እኔ የተማርኩት እኮ ይህን አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጂብሪል የጠፋው በ1969 ክረምት፣ በጦርነቱ መጀመሪያ ነው። ጫት ሊያደርስ ሚኤሶ ወርዶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወታደር ወሰደው የሚል አለ። ከዘላኖች ጋር ወደ ቆላው ገባ የሚልም አለ። እኔ በዓመቱ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ወደ ካርኮቭ ሄድኩ። እሱን ፍለጋ አንድ ቀን እንኳ ሚኤሶ አልወረድኩም።

ካርኮቭ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፤ ያውም በወረቀትና በእርሳስ ብቻ የሚሠራውን። ሥርዓት ባጣ ነገር ውስጥ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚጓዝ አሰላ ነበር። አተሞች በወግ በተደረደሩበት ቦታ ኤሌክትሮን እንደ ሞገድ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ያለ ወግ ከተበተኑ ግን ሞገዱ ባገኘው አተም ሁሉ ላይ እየተበተነ፣ በብዙ አቅጣጫ ወደ ራሱ ይመለሳል። መዛባቱ ከበረታ አንድ ቦታ ታስሮ ይቀራል። ከፊቱ ግድግዳ የለም፤ የሚያስረው የራሱ መመለስ ነው። አማካሪዬ ኒና አርካዲየቭና ሰሌዳው ላይ ክብ መንገድ ትስልና፣ «በዚህ በኩል የዞረውና በዚያ በኩል የዞረው እኩል ይደርሳሉ፤ መነሻቸው ላይ ተገናኝተው ይበረታሉ» ትለኝ ነበር። በጠመኔ የሳለችውን ያን ክብ እስካሁን አልረሳሁትም።

ለእናቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። የጫት ማሰሪያ ገመድ ወስጄ አንዱን ጫፍ መስኮቱ ላይ፣ ሌላውን የበሩ መቃን ላይ አሰርኩ። መሐሉ ላይ፣ ርቀታቸውን ሳላስተካክል፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንጠለጠልኩበት፤ አሮጌ የበር ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ የሚዛን ድንጋይ። ከዚያ በሩ በኩል ያለውን ጫፍ መታሁት። የቅርቡ ተንቀጠቀጠ። መስኮቱ ጋ ያለው ማንኪያ ንቅንቅ አላለም።

«ጠፋ?» አለችኝ።

«አልጠፋም። እዚህ አካባቢ ነው፤ ዳር መድረስ አቅቶት ነው። ውጭ ያለ ሰው አይሰማውም።»

ገመዱን በጣቷ ያዘች።

«እንግዲህ ልጄ አለ» አለች። «መምጫ አጥቶ ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ የገመዱ መንቀጥቀጥ ትንሽ ቆይቶ ሙቀት ሆኖ ይሞታል። አውቅ ነበር። አልነገርኳትም። በማግስቱ ሼሁ ዘንድ ሄዳ፣ «ልጄ ዘይኑዲን በትምህርት አጣርቶታል፤ አይሰገድም» አለቻቸው።

ገመዱን እንድፈታውም ከለከለችኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቁልፉ ከድንጋዩ ጋር ይነካካና ቀጭን ድምፅ ያሰማል። እናቴ ከምትበላበት ቀና ትላለች። እኔም ቀና እላለሁ። በሩ ላይ ያለው ወይ ነፋስ ነው፣ ወይ ጎረቤታችን ዘውድነሽ።

በሳምንቱ ኬላው ጋ ሄጄ ዓሊዩን ጠበቅኩት። ዓሊዩ የጫት መኪና ሾፌር ነው፤ ወንድሜን አያውቀውም፣ እኔን ግን ከሩሲያ ከተመለስኩ ጀምሮ ሳይቀልድብኝ አያልፍም።

«ጓድ ዘይኑ! ሌኒን ደህና ነው?»

«ሞቷል።»

«ተቀብሯል?»

«አልተቀበረም፤ መስታወት ውስጥ ነው።»

«ዋላሂ ጉድ ነው! የነሱ ሞቶ አይቀበርም፣ የናንተ ሳይሞት ሊሰገድበት ነበር አሉ።» ከተማው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ «በል ተናገር፤ ጫቱ እየጠወለገብኝ ነው» አለኝ።

የጫት መኪና ወረቀት አይዝም። ፈታሾች ወረቀት ካገኙ መኪናው ይቆማል፣ ጫቱ ይደርቃል፣ ሾፌሩም ይታሰራል። ስለዚህ በኛ አገር የጠፋ ሰው የሚፈለገው በአፍ ነው፤ በሦስት ነገር ብቻ። ስም፣ የእናት ስም፣ አካል ላይ ያለ ምልክት። ሾፌሩ ኬላ ላይ ሲደርስ ከወዲያ ለሚመጣው ይነግረዋል፣ ያም ለሌላው። ከሦስት ካለፈ መንገድ ላይ ይፈሳል ይላሉ።

«ጂብሪል» አልኩት። «የኩብራ ልጅ። ቀኝ እጁ ጀርባ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው።»

ጠባሳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ የፈላ ውሃ ደፋሁበት።

ዓሊዩ ሦስቱን ደገመልኝ። «እኔ ወደ ሚኤሶ እወስደዋለሁ። ወደ በደሳ ለሚሄደውም እነግረዋለሁ» አለና ክላክሱን አንዴ ነፍቶ ቁልቁል ወረደ።

እኔ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ሲወጡ፣ በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ከካርኮቭ ያመጣሁትን ስሌት እቀጥላለሁ። ሞገዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ እፈልግ ነበር። አንዳንዴ የማገኝ ይመስለኛል፤ ደግሜ ሳሰላው መነሻዬ ላይ እገኛለሁ።

መጋቢት ላይ ወሬ መጣ። ሰኞ ዕለት ከበደሳ የመጣ ሾፌር ጫት ተራ ወርዶ እናቴን አፈላልጎ አገኛት። በሚኤሶ በኩል ጂብሪል የሚባል ሰው አለ፣ የኩብራ ልጅ ነው፣ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፣ ወገኖቹን ይፈልጋል አላት። ሐሙስ ደግሞ ከሚኤሶ የመጣ ሌላ ሾፌር ደረሰ። እሱም ያንኑ ነገራት፤ ሰውዬው ያለው ግን በበደሳ በኩል ነው አለ።

ዘውድነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች! ኩብራዬ፣ እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል!» ጎረቤት ግቢያችንን ሞላው። እናቴ ግን አልተነሣችም።

«የትኛው እጁ ነው ያልከኝ?» አለችው ሾፌሩን።

«ቀኝ።»

«ሰኞ የመጣውም ቀኝ ነበር ያለኝ» አለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ የኒና አርካዲየቭናን ክብ አየሁት። ከሚኤሶ በቆላው በኩል ወደ ገለምሶ የሚወጣ መንገድ አለ፤ ከገለምሶ በደሳ፣ ከበደሳ ወደኛ። ጥያቄዬ በሁለቱም በኩል ዞሯል። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚፈለገው ሰው ፈላጊ ሆኗል። ሁለቱም እኩል ደርሰው መነሻቸው ላይ በርትተዋል። ስምንት ዓመት የተማርኩት ይህን ነበር፤ ወሬ ሆኖ እናቴ ፊት ሲመጣ ግን ከእልልታው በፊት አላወቅሁትም።

ሰዉ ሲሄድ ጠራችኝ።

«ዘይኑ፣ ወንድምህ የተቃጠለው የትኛው እጁን ነው?»

«ቀኙን።»

«ና፣ ፊቴ ቁም።»

ቆምኩ። ግራ እጇን አንሥታ ፊቴ ዘረጋችው። በኔ በቀኝ በኩል ነበር።

«ውሃውን ስትደፋበት እንዲህ ፊት ለፊቱ ነበርክ። ያቃጠልከው እጅ ይሄ ነው። ግራው።» እጇን አላወረደችም። «የሰኞው ቀኝ ሲለኝ፣ ሰው ነው ይሳሳታል ብዬ ዝም አልኩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት እንዴት ይሳሳታሉ? ይሄ ወሬ ከማን ነው የወጣው?»

«ከኔ ነው አዮ።»

«ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የምለብሰውን ሳይቀር እያሰብኩ።»

ያን ጊዜ የገመዱንም ነገርኳት። መንቀጥቀጡ ታስሮ እንዳልተቀመጠ፣ እንደሞተ፤ ያን ቀን እያወቅሁ እንደደበቅኳት። ስለ ጂብሪል ግን በማስላት የማውቀው አንዳች ነገር የለም አልኳት። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ገመዱን ፈታች፤ ማንኪያውን አጥባ ቦታው መለሰች።

«አሁን ልክ አድርገህ ላክ» አለችኝ። «ግራ ብለህ። እስከ መውሊድ መልስ ከመጣ እጠብቀዋለሁ። ካልመጣ ይሰገድለታል፤ አንተም ከሰጋጆቹ ጋር ሶፉ ላይ ትቆማለህ።»

ዓሊዩ ስነግረው መሪውን ለቆ አየኝ።

«ቀኝ አላልከኝም?»

«ተሳስቼ ነው።»

«እኔ የምልህ፣ ሰውዬውን ታውቀዋለህ ግን?»

ሲቀልድ ነው። ሦስቱን፣ ግራ ብዬ፣ እንደገና ነገርኩት።

ሚያዝያ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ። የመጀመሪያው ስህተት በስድስት ሳምንት ዞሮ መጥቶ ነበር። ግራ የሚለው ቃል አልተመለሰም። የራሴ ድምፅ እንኳ ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ጫት ተራ ተቀምጣ የሾፌሮቹን አፍ ታያለች፤ ከሷ የሚገዙትን እጅ ታያለች። አትጠይቅም። ቤት ስትገባ እኔን አታየኝም።

መውሊድ በ1980 ጥቅምት ዋለ። ሼሁ ሶላቱን ለሚቀጥለው ጁምዓ ቀጠሩት። የዚያን ቀን ማለዳ ኬላው ጋ ወረድኩ። ዓሊዩ አልነበረም፤ ስሙን የማላውቀው ወጣት ሾፌር ለፍተሻ ተሰልፏል። መስኮቱን ይዤ ነገርኩት። ጂብሪል። የኩብራ ልጅ። ግራ እጁ ጀርባ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«አንድ አለ።»

«አራተኛ አይያዝም፣ መምህር።»

«ያዝልኝ። ያቃጠለህ ወንድምህ ሳይፈልግህ ስለቀረ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብሎሃል በለው።»

ሾፌሩ ትንሽ አየኝና አራቱንም አንድ በአንድ ደገመልኝ፤ አንዷንም አልሳተም። ክላክሱን ነፍቶ ወደ ሚኤሶ ወረደ። እኔ ወደ መስጊድ ወጣሁ፤ ከሼሁ ኋላ በመጀመሪያው ሶፍ ቆሜ፣ እጄን አነባብሬ፣ በሌለበት ሰገድኩለት።

አሁን 1983 ነው። ኬላው ተነሥቷል፣ መኪኖቹ ሳያዘግሙ ያልፋሉ። በመጡ ቁጥር መንገዱ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ። ያን ቃል ይዞ የተመለሰ እስካሁን የለም።